ምንህን ነው ያመመህ?

የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። «እንዴት ሰነበትክ?»፣ «ደኅና ነህ ወይ?»፣ «ቤተሰብ ደኅና?»፣ «ሥራ እንዴት ነው?»፤ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ እናገላብጠዋለን። መልሱ ግን ምንጊዜም አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ከዚህ መልስ ወጣ ብሎ «ኧረ አሞኝ ነው የሰነበትኩት» የሚል ሰው ሲገኝ ብቻ ቆም እንላለን። ቆም እንልና «ምነው? ምንህን?» ብለን እንጠይቃለን።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህች «ምንህን?» ስለምትባል አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ የደግነት ናት። ችግሯ መልሷ የአካል ክፍል እንዲሆን መፈለጓ ላይ ነው። ራሴን፣ ወገቤን፣ ኩላሊቴን፣ ጨጓራዬን... ከእነዚህ አንዱን መጥራት የሚችል ሰው ተገላገለ። መጥራት የማይችለውስ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። ቢሯችን አንድ፣ የምሳ ሰዓታችን አንድ፣ የምንቆጣቸው ተማሪዎች እንኳ ሳይቀሩ አንድ ነበሩ። አንድ ሴሚስተር ላይ ድንገት ጠፋ። ክፍለ ጊዜውን ለአራት ተካፍለን ሸፈንለት። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ ከስቷል፤ ፈገግታው ከሰው የተዋሰው ይመስላል። መምህራን ክበብ ቁጭ ብለን ማኪያቶ አዘዝን።

«አሞኝ ነበር» አለኝ።

«ሰምቻለሁ። ምንህን ነው ያመመህ?»

ማኪያቶውን ያማስል ጀመር። ስኳር እንኳ አልጨመረበትም።

«ጨጓራዬን» አለ።

ጨጓራ ሲነሣ ሐኪም ያልሆነ ኢትዮጵያዊ የለምና ምክሬን አዘነብኩት። ቡና ተው፣ በርበሬ ቀንስ፣ ምግብህን በሰዓቱ ብላ። በማግስቱም እናቴ ያዘጋጀችልኝን ተልባ በላስቲክ ቋጥሬ ወሰድኩለት። ተልባውን ሳቀብለው አንድ ነገር ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን አልረሳውም። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ነገረኝ።

ያን ጊዜ ያመመው ጨጓራው አልነበረም። ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ፣ ከአልጋ መነሣት ተራራ የመግፋት ያህል ከብዶት፣ ክፍል ገብቶ ጠመኔ እንደያዘ የሚለው ጠፍቶት፣ በመጨረሻ እህቱ እጁን ይዛ አማኑኤል ሆስፒታል ወስዳው፣ መድኃኒት ጀምሮ ነው የተመለሰው።

«ተልባውን ያመጣህልኝ ቀን ልነግርህ ነበር» አለኝ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ ግን ‹በል ጠጣና ቶሎ ዳን፤ ያንተን ክፍለ ጊዜ ስንሸፍን ልናብድ ነው› አልከኝ። ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። ልናገረው የነበረውን ቃል አንተ ቀድመህ ቀልድ አደረግከው። ከዚያ ወዲያ ‹እኔ እኮ የምሬን ነው› ብዬ እንዴት ልጀምር?»

ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ተው፣ ምን አጠፋህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን አጠፋሁ? አልሰደብኩትም። አላሾፍኩበትም። በምን እንደታመመም አላወቅኩም። ግን ደግሞ አንድ ሰው ሊከፍተው የነበረውን በር ዘግቼበታለሁ። ሳያውቁ የዘጉት በር ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? ከዚያ ድንኳን ከወጣሁ ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ ቃላት ነውና እኔም ወደዚያው ሸሸሁ።

አማርኛችን ስለ ሕመም ሲናገር የሚደንቅ ጨዋነት አለው። «አመመኝ» ስንል አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ ስሙ ያልተጠራ አንድ ነገር መጥቶ እኔ ላይ አደረሰው እንጂ። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ» ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ሰውዬው ባለቤት ሆኖ አይከሰስም፤ ሕመሙ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ እንደመጣ ይሄዳል። ለዚህ ነው «አመመው» ላልነው ሰው «ተሻለው» የሚል ጥንድ ቃል ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው።

ወደ አእምሮ ስንመጣ ሰዋስዉ ይገለበጣል። «አበደ» እንላለን። አሁን አድራጊው ራሱ ሰውዬው ሆነ፤ እንደ «ሰረቀ»፣ እንደ «ሸፈተ» ማለት ነው። ቀጥሎ ከግሡ ስም ይወጣል፤ «እብድ»። ወባ የያዘውን ሰው «ወባ» ብለን አንጠራውም። እዚህ ላይ ግን በሽታውና ሰውዬው አንድ ስም ተካፈሉ። «ተሻለው» የሚለው ጥንድም አብሮ ቀረ። ተረታችን እንዲያውም «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ብሎ የመዳንን በር ከቀትር በፊት ይዘጋዋል። «ጨርቁን ጣለ»፣ «ነካ ያደርገዋል»፣ «ወፈፌ»፣ «ለየለት»... «ለየለት» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከማን ነው የተለየው? ከእኛ ነዋ!

«አእምሮዬን አመመኝ» ማለት በሰዋስው ረገድ ምንም ስህተት የለበትም። «ወገቤን አመመኝ» ከማለት በምን ይለያል? ግን ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ባልንጀራዬ ለ«ምንህን?» ሊሰጥ የሚገባው ትክክለኛ መልስ ይህ ነበር። ቋንቋው ይፈቅድለታል፤ እኛ ግን አልፈቀድንለትም።

ነገሩ ግን በስሙ ብቻ አያበቃም። ቃል መልሱን አስከትሎ ነው የሚመጣው። «አሞኛል» ያለ ሰው «እግዜር ይማርህ» ይባላል። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ተይዞ ይጠየቃል። የዕድር ሰው፣ የሥራ ባልደረባ፣ የሩቅ ዘመድ አልጋው አጠገብ ተራ ይጠብቃል። አማኑኤል ለተኛ ሰው ብርቱካን ይዞ የሄደ ስንቱ ነው? ቤተሰቡስ መች ይናገራል? «ክፍለ ሀገር ሄዷል» ይባላል እንጂ።

«ጨንቆኛል፣ ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል» ብሎ ደፍሮ ለተናገረ ሰው የምንሰጠውን መልስ ደግሞ እስቲ አንድ በአንድ እናስታውሰው። «ምን ጎደለህ?» «ካንተ የባሰ ስንት አለ!» «ወንድ አይደለህ እንዴ?» «ጥጋብ ነው።» «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው።» «ጸሎትህን ትተህ ነው።» አብዛኛው በፍቅር የሚነገር ነው። የሰሚው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ክስ ይሆናል። ውለታ ቢስ ነህ፣ ደካማ ነህ፣ ጥጋበኛ ነህ፣ እምነትህ ጎድሏል። ሰውዬው አንድ ሕመም ይዞ መጥቶ አራት ጥፋት ተሸክሞ ይመለሳል። «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይባላል። በዚህ ተረት ድንጋዩን ያቀበለው ገላጋዩ ነው፤ ስሙ የጠፋው ግን የሌላው!

«አይዞህ» የምትባለው ቃላችን እንኳ ሁለት ፊት አላት። ቁጭ ብለው ሲሏት እንደ ጋቢ ትሞቃለች። ተነሥተው እየሄዱ ሲሏት ግን «በቃ እዚህ ላይ ጨርስልኝ» ማለት ትሆናለች።

«እኛ እኮ ለቀልድ ነው፤ ክፉ አስበን አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ባለፈው ከአራት ኪሎ መገናኛ በሚኒባስ ስሄድ ጆሮዬን አቁሜ ቆጠርኩ። ወያላው ድንገት መንገድ ለገባ እግረኛ፣ «እብድ ነህ እንዴ!» ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች፣ «ያበደ ጫማ ገዛ እኮ!» አጠገቤ ያለችው ሴት በስልክ፣ «አከራዬ ልታሳብደኝ ነው።» የስፖርት ጋዜጠኛው በሬዲዮ፣ «ስታዲየሙ አብዷል!» መገናኛ እስክንደርስ ሰባት ጊዜ ሰማሁ። አንዱም ለታማሚ የተነገረ አልነበረም፤ አንዱም በክፋት አልተነገረም። ነገር ግን ከአሥራ ሁለታችን መካከል አንዱ ማታ ማታ መድኃኒት የሚውጥ፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን ቤት ቆልፋበት የወጣች ብትሆንስ? እነሱ አልተሰደቡም። የሰሙት ስድብ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። «ያንተ ነገር እዚህ አገር የሚነገረው እንደዚህ ነው፤ አፍህን ያዝ» የሚል ማስታወቂያ።

ይህን ስል «ይሄ የፈረንጅ ስስነት ነው፤ ቃል እየመረጡ መኖር የእኛ ባህል አይደለም» የሚል ይኖራል። ተሳስቷል። በነውር ያደግን ሰዎች አይደለንም እንዴ? ለቅሶ ቤት ገብተን ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው፣ ልጅ የሞተባት እናት ፊት የልጃችንን ምርቃት የማናወራው ማን አስገድዶን ነው? በእኔ ዕድሜ እንኳ ስንት ቃል ተለወጠ። «ዕውር» እንል የነበርን «ዓይነ ስውር» ማለት ለመድን። «ቆማጣ» የሚለውን ቃል ዛሬ የሚደፍረው ጥቂት ነው። ኤች አይ ቪ የያዛቸውን ሰዎች በምን ስም እንጠራ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ቀስ በቀስ «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች» አልን። ትልቁን ሥራ የሠራው መድኃኒቱ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሰው ወደ ምርመራው ክፍል የሚሄደው ሲወጣ የሚጠብቀው ስም ምን እንደሆነ አስቦ ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ የራሴ የመምህርነት ጥፋት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዓመታት አስተምሬያለሁ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ከዚያ መጽሐፍ አንባቢ ሁሉ የወደደው አንድ ሰው አለ፤ ጉዱ ካሣ። እውነተኛ ስሙን የምናስታውሰው ጥቂቶች ነን፤ ካሣ ዳምጤ ነው። የዘመኑን ሥርዓት ስለነቀፈ፣ በዘርና በማዕረግ መናቅን ስለተቃወመ አገሬው እንደ እብድ ቆጠረው፤ «ጉዱ» አለው። ስሙ ከወጣለት በኋላ ለክርክሩ መልስ መስጠት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። የ«እብድ» ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፤ መልስ ከመስጠት ያሳርፋል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ እነግር ነበር። በመጨረሻም በኩራት «ጉዱ ካሣ እብድ አልነበረም!» ብዬ እደመድማለሁ። ተማሪዎቼ ያጨበጭባሉ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እንደዚያ ብዬ የተከራከርኩለት እብድ ስላልነበረ ብቻ ነው። እውነት ታሞ ቢሆንስ ኖሮ? መሳቂያ መሆኑ፣ ቃሉ አለመሰማቱ ተገቢ ሊሆን ነው? እዚያ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ ከሚቀመጡት ተማሪዎች መካከል ሌሊት እንቅልፍ የከዳው፣ ራሱን የሚጠራጠር ልጅ አይጠፋም። ከእኔ ትምህርት የተማረው ምንድን ነው? «መምህራችን ለጤነኞች ጥሩ ጠበቃ ነው» የሚል ብቻ።

አሁን ዋናው ተቃውሞ ይምጣ። «ቃል ምን ያደርጋል? የሚያስፈልገው ሐኪም፣ አልጋ፣ መድኃኒት ነው» የሚል። እውነት አለው። አማኑኤል በ1930 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ገና ብዙ ይቀረናል። ነገር ግን የሆስፒታሉን ስም ምን እንዳደረግነው ተመልከቱ። አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። እኛ ግን «ከአማኑኤል ያመለጠ» ብለን መሳደቢያ አደረግነው። የሕክምናው በር ላይ ስድብ ከተለጠፈ ማን ገብቶ ይታከማል?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ 75 በመቶው በቤተሰባቸው ውስጥ ባለው ሕመም የተነሣ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። 37 በመቶው ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። እነዚህ ታማሚዎቹ አይደሉም፤ ዘመዶቻቸው ናቸው።

ቃል ሲለወጥስ ምን ይሆናል? ለዚህ የጃፓኖች ታሪክ ይጠቅመናል። እኛ «ስኪዞፍሬኒያ» ብለን የተዋስነውን ሕመም እነሱ በቋንቋቸው «የአእምሮ መሰንጠቅ በሽታ» ይሉት ነበር። ስሙ እጅግ ስለሚያስፈራ ሐኪሞቹ ራሳቸው ለታማሚው መናገር ይሸሹ ነበር። የታማሚ ቤተሰቦች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 «ይህን ስም ለውጡልን» ብሎ ጠየቀ። በ2002 ተለወጠ፤ «የውህደት መዛባት» እንደማለት ያለ ስም ተሰጠው። ስሙ በተለወጠበት ዓመት ሕመማቸው በስሙ የተነገራቸው ከመቶ ታማሚዎች 37 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 70 ተጠጋ። መድኃኒቱ ያው፣ ሐኪሙ ያው፣ ሕመሙም ያው ነው። የተለወጠው ስሙ ነው፤ ሐኪሙ ግን አፉን ከፈተ።

ይህን ብዬ ግን ቃል ቀይረን እጃችንን እንታጠብ ማለቴ አይደለም። «እብድ» ነውር ነው ብለን «የአእምሮ በሽተኛ» አልን። ዛሬ ሁለት ሾፌሮች መስኮት ዝቅ አድርገው ሲሰዳደቡ «አንተ የአእምሮ በሽተኛ!» ይባባላሉ። ልጆቻችን ደግሞ «ዲፕሬሽን» የሚለውን ቃል ተምረዋል፤ ጥሩ ነው። ግን ቡድናቸው በተሸነፈ ቁጥር «ዲፕሬሽን ያዘኝ» ሲሉ የእውነት የያዘው ልጅ ምን ይበል? ንጹሕ ልብስ ብትቀይርለት ያልታጠበ ገላ መልሶ ያቆሽሸዋል። መታጠብ ያለበት ጆሯችን ነው።

በተለይ አንድ ቦታ ላይ ጆሯችን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። አማርኛ ሞትን እንደ ጨው በየወጡ የሚነሰንስ ቋንቋ ነው። «ልሙትልህ»፣ «እናቴ ትሙት»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ከዚህስ ሞት ይሻለኛል»። ከዚህ ሁሉ ሞት መካከል አንድ ሰው የምሩን «መኖር ሰልችቶኛል» ሲል እንዴት ይለያል? ብዙ ጊዜ አይለይም፤ «አንተ ደግሞ፣ ሟርተኛ!» ተብሎ ይታለፋል። የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ጠይቁ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም። ያሰበ ካለም ብቻውን ተሸክሞት እንዳይኖር፣ ወደ ሐኪም አብሮት የሚሄድ ሰው እንዲያገኝ መንገድ ይከፍትለታል።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ጥያቄ ልመለስ። ሳያውቁ የዘጉት በር ጥፋት ነው? አሁን የደረስኩበት ይህ ነው። ያን ቀን ጥፋተኛ አልነበርኩም፤ ባለዕዳ ግን ነበርኩ። ጥፋት በዕውቀት ይለካል፤ ዕዳ ግን ባለዕዳው ባያውቀውም ዕዳ ነው፤ ያወቀ ዕለት መክፈል ይጀምራል። አከፋፈሉ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሁልጊዜ ቃል እየመዘኑ መጨነቅ አያስፈልግም። ለሰዎች «አመመኝ» የሚለውን ቃል ለአእምሯቸውም መልሶ መስጠት፣ እሱንም ሲሰሙ «እግዜር ይማርህ» ማለት፣ ብርቱካኑንም ይዞ መሄድ ነው።

ባለፈው ሰሞን ባልንጀራዬን ቡና ጋበዝኩት። «እንዴት ነህ?» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ፤ እንደ ደንቡ። እንደ ደንቡ ወደ ሌላ ወሬ መሻገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ሲኒውን ሁለት ሦስቴ አዟዟረው።

«ሰሞኑን ደግሞ እንቅልፍ ይሸሸኝ ጀምሯል» አለ።

ምክር ምላሴ ላይ ደረሰ፤ ወተት ጠጣ፣ በእግርህ ተጓዝ፣ ማታ ቡና ተው። ዋጥኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት። ነገረኝ። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዝን። በማግስቱም ሐኪሙ ጋር አብረን ሄድን።